ድሃ ጎረቤታችሁን ለመርዳት ከየት ትጀምራላችሁ?

በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። የኔ ቢጤዎቹ ቀኑን ከእኛ በላይ ያውቁታል። በቤተ ክርስቲያኑ በር አካባቢ ዝርዝር የሚሸጡት ልጆች ከብራችን ላይ ትንሽ ቆርጠው ሳንቲም ይሰጡናል፣ እኛም በተርታ ለተቀመጡት እያዳረስን፣ የማን መዳፍ ላይ እንደጣልነው እንኳ ሳናይ፣ ተሳልመን እንገባለን። ይሄን አትተዉት። ችግሩ ብዙዎቻችን ለድሃ ያለብንን ነገር በሙሉ እዚያ በር ላይ ጨርሰን መግባታችን ነው።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሁድ መጻጉዕ ይባላል። 38 ዓመት ታሞ የኖረውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው ምን ብሎ መለሰ? ብር የለኝም አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። በየሰፈራችን እንደሱ የሚሉ አሉ። እስቲ ለአንድ ቤት «ሰው» መሆን እንዴት እንደሚቻል ከሥር ከሥሩ እንየው። ኦርቶዶክስ ሁኑ፣ ጴንጤ ሁኑ፣ ካቶሊክ ሁኑ፣ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» የሚለው ማቴዎስ 25 ለሁላችንም ያው ነው።

መጀመሪያ ያለባችሁን ክፈሉ

ምጽዋት ከማሰባችሁ በፊት ቤታችሁን ፈትሹ። የቤት ሠራተኛችሁ ደመወዝ ስንት ወር ተወዝፏል? ልብስ የምታጥብላችሁን ሴትዮ «ዝርዝር የለኝም፣ በሚቀጥለው አንድ ላይ» ያላችኋት መቼ ነው? ዘዳግም 24 የድሃውን ሠራተኛ ደመወዝ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል። ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ የተቀማው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል። ዘኬዎስንም አስታውሱት። ግማሽ ሀብቴን ለድሆች እሰጣለሁ ካለ በኋላ ትንፋሽ ሳይወስድ የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። እኛ የመጀመሪያዋን እንሰብካለን፣ ሁለተኛዋን እናልፋታለን።

አንዳንድ ቤት በየወሩ ማኅበር ይደገሳል፣ እዚያው ቤት ያለችው ልጅ ግን ከአገሯ ከመጣች ጀምሮ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሰችም። የማታ ትምህርት አስመዝግቡና በሰዓቱ ልቀቋት። ይሄ ብዙ ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው እራታችሁን ራሳችሁ እንድታቀርቡ ነው። ከባዱም እሱ ነው መሰለኝ።

ጉሊት ላይ ቲማቲም ከምትሸጥ እናት ጋር ለአምስት ብር የምናደርገው ክርክር ሱፐርማርኬት ስንገባ የት እንደሚሄድ ደግሞ ራሳችሁ መልሱት።

ገንዘቡን ቀድማችሁ ለዩት

«ከተረፈኝ እሰጣለሁ» የሚል ሰው ተርፎት አያውቅም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች የሰጠው መመሪያ ቀላል ነው። በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዳችሁ ከቀናችሁ ላይ ቀንሳችሁ በቤታችሁ አስቀምጡ። እኔ ስመጣ ያን ጊዜ አትሯሯጡ ነው ነገሩ። ዛሬ ይሄን በቴሌብርም፣ በሌላ የባንክ ደብተርም፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ባለች ፖስታም ማድረግ ይቻላል። ደመወዝ በገባ ቀን ቀድሞ ይውጣ። መጠኑ ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም፣ ግን የተቆረጠ ይሁን፤ በአንዱ ወር ብዙ ሰጥቶ ለአራት ወር ከመጥፋት በየወሩ የማይቀር ትንሽ ነገር ይሻላል። ድሃ ቤት ውስጥ በጣም የሚያስጨንቀው ነገር የሚመጣውን አለማወቅ ነውና።

አስራትስ? እሱ ለቤተ ክርስቲያን ነው። አስራት አውጥቻለሁና ከጎረቤቴ ነፃ ነኝ ማለት አይሆንም። የራሳችሁን ቤተሰብም አትርሱ፣ ገጠር ያለች እናታችሁ ጨው ቸግሯት እናንተ ሰፈር ውስጥ ደግ ብትባሉ ለቤተሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው የሚለው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ቁጥር 8 ያስቸግራችኋል።

ጾም ላይ ደግሞ ቁም ነገር አለ። የድሮው የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥት ጸሎትን፣ ጾምን እና ምጽዋትን አከታትሎ በአንቀጽ 14፣ 15 እና 16 ነው ያስቀመጣቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በ55 ቀን ያልተበላው ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት በብር ሲታሰብ ቀላል አይደለም። የት ገባ? አብዛኛውን ጊዜ የጾም ኬክና ውድ በያይነቱ በልቶታል። ኢሳይያስ 58 ጾም ማለት እንጀራህን ለተራበ መቁረስ ነው እያለ እኛ ምግብ ቀይረን ሒሳቡን እዚያው አጥፍተነዋል። እስቲ በሚቀጥለው ጾም የአንድ ሳምንት የሥጋና የቅቤ ወጪያችሁን ወረቀት ላይ አስቀምጡና ያንኑ ያህል ለዩ። ለፋሲካ ቅርጫ ስትገቡም ከጓደኞቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ መደብ ከመጀመሪያው ለማን እንደሆነ ወስኑ። በሬው ከታረደ በኋላ የሚዋጣው ብዙ ጊዜ አጥንት ነው።

ማንን?

አንድ ቤት ምረጡ። አሥር አይደለም። የሠፈሩን ድሃ ሁሉ ልርዳ ያለ ሰው በሁለተኛው ወር ስልኩን አጥፍቶ ነው የሚገኘው።

በጣም የተቸገረው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አይቀመጥም። ገመናውን ሸፍኖ፣ በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። እሱን ለማግኘት የሚያውቁትን ጠይቁ። የእድር ሰብሳቢው መዋጮ ያቆመውን ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ማን ቤት ማን እንደተኛ ታውቃለች። የንስሐ አባታችሁ ያውቃሉ፣ ምስጢር ሳያወጡ «እገሌን ጠይቃት» ማለት ይችላሉ። መምህራን ደብተር የሌለውን ልጅ ያውቁታል። ከሁሉም በላይ ግን ሱቁ ያውቃል፤ የዱቤ ደብተር የሰፈሩን ችግር ከየትኛውም ጥናት በላይ ነው የሚያሳየው። ባለሱቁ ስም ጠርቶ እንዲያማ አትጠይቁት። «አቅም አጥቶ ዱቤው የቆመበት ሰው ካለ ትንሽ ልቀንስለት፣ ማን እንደከፈለ አትንገርበት» በሉት። ይሄው ይበቃል።

ሙስሊም ጎረቤት ቢሆኑስ? ምን ችግር አለው! ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ሃይማኖትህ ምንድነው ብሎ አልጠየቀውም። እርዳታችሁን ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁ ማምጫ አታድርጉት። «እሁድ እሁድ ብትመጪ ኖሮ» የምትል ቃል ከዘይቱ ጋር ከተሰጠች ዘይቱ ስጦታ መሆኑ ቀርቷል።

ቤት ስትገቡ

ባዶ እጅ መግባትም፣ እንደ ቆጠራ ሠራተኛ «ስንት ናችሁ? ገቢያችሁ ስንት ነው?» እያሉ መግባትም ሁለቱም ያስከፋል። በቡና ሰዓት ሂዱ። የሆነ ነገር ያዙ፣ ትንሽ ነገር። «እትዬ፣ ሽሮ አስፈጭተን ነበር፣ የእርስዎን ድርሻ ይዤ ነው የመጣሁት» ማለት ይቻላል። «ተቸግረው ነው ብዬ» አይባልም።

ከዚያ ቁጭ በሉና ዓይናችሁን ክፈቱ። ጣሪያው ያፈሰሰበት የግድግዳው እድፍ አለ? ከሰሉ በጆንያ ነው ወይስ በትንሽ ፌስታል የሚገዛ? መስኮቱ ላይ የመድኃኒት ማሸጊያ አለ? እሱን በደንብ እዩት። ፍሬው ያለቀበት ባዶ ማሸጊያ እንኳ አይጣልም፣ ስሙ እንዳይጠፋ ለፋርማሲው ለማሳየት ይቀመጣል። «እትዬ፣ የግፊቱን መድኃኒት በየቀኑ ነው የሚወስዱት?» ብትሉ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ «አይ ልጄ፣ ሲያዞረኝ ሲያዞረኝ ነው።» በቃ፣ የመጀመሪያ ሥራችሁን አገኛችሁ። የግፊት መድኃኒት ሲያዞር ብቻ የሚወሰድ አይደለም። ወሩን ሙሉ መግዛት ስላልተቻለ ነው እየተቆጠበ ያለው። ያ ቁጠባ አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ብር ያዋጣል። ከስትሮኩ በፊት የመድኃኒቱ ዋጋ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ማንም አያስብም።

ምንድነው የምትከፍሉት?

ብር በእጅ መስጠት ነውር አይደለም፣ ድሃ ብር ማስተዳደር አይችልም የሚለውን ሐሳብም አልወደውም። ግን አንዳንድ ክፍያዎች አሉ፣ ከብሩ በላይ ሥራ የሚሠሩ።

አንዱ የእድር ውዝፍ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚያቆመው የእድር መዋጮውን ነው፣ ዛሬ አይበላምና። ውዝፉ ሲበዛ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰልፍም የለም። ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋዊ ይሄ ከረሀቡ እኩል የሚያስፈራ ነገር ነው። ውዝፉን ሰብሳቢው ጋ ሄዳችሁ ክፈሉ፣ የቀጣዩን ስድስት ወርም ጨምሩበት፣ ደረሰኙን ለባለቤቱ ስጡ። አረጋዊው እድር ስብሰባ ላይ እንደ አባል ይቀመጣሉ ማለት ነው፣ እንደ ተረጂ አይደለም።

ሌላው ጤና መድን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ ምዝገባና እድሳቱም ወቅት አለው። ወቅቱ ካለፈ ብር ይዛችሁ ብትቆሙም ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ወረዳው ወይም ጤና ጣቢያው ጋ ሄዳችሁ መቼ እንደሆነ ጠይቁና ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ጨርሶ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፣ ግን ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። እዚህ ላይ ከብር በላይ የሚያስፈልገው ደጅ የሚጠና ሰው ነው።

የዱቤውን ነገር ብያችኋለሁ። የቤት ኪራይ ከተቻለ በቀጥታ ለአከራይ፣ ተከራዩ እያወቀ። ለልጆች ደብተርና ጫማ በነሐሴ ግዙ፣ መስከረም ላይ ዋጋው ያብዳል። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላላቸው ልጁ ቢያንስ እዚያ ይበላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋስ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያ ምግብ ወደ እናትየው ይመለሳል፣ ክረምቱም ከነብርዱ አለ። ለገናና ለፋሲካ ሁሉም ይሰጣል፣ ዶሮው ሁለት ሦስት ሆኖ የሚመጣበት ቤትም አለ። እናንተ ግንቦትንና ሐምሌን ያዙ።

ጊዜ የሚጠይቀው ነገር

እውነቱን ለመናገር ብር መስጠት ይቀላል። ወረዳ አብሮ መሄድ ነው የሚከብደው። መታወቂያው ያለፈበት ሰው ለሴፍቲኔት ምዝገባ ሲሄድ ይመለሳል፣ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሌለው ይመለሳል፣ ማንበብ የማይችል ሰው በአንዱ መስኮት ሄዶ በሌላው ይመለሳል። እናንተ ስትሄዱ «ምን ይጎድላል? ጻፉልኝ» ትላላችሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ የሠራችሁት ይሄ ነገር ለዓመታት የሚያበላ ሊሆን ይችላል።

ሆስፒታልም እንደዚያው ነው። ከገጠር ለሕክምና መጥቶ ግራ የገባው፣ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ» ተብሎ ወረቀት ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው በየትልልቁ ሆስፒታል አለ። ከአስታማሚዎች ጋር ለአሥር ደቂቃ አውሩ፣ ማን ምን እንደጎደለው ራሳቸው ይነግሯችኋል። ማዘዣውን ተቀብላችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ መልሱ። ብር የሌላችሁ ደግሞ ደም አላችሁ፤ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል።

ሉቃስ 10 ላይ ሳምራዊው ያደረገውን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ቁስሉን አሠረ፣ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወሰደው፣ ሁለት ዲናር ሰጠ። እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። «ከዚህም በላይ የምትከስረውን ሁሉ እኔ ስመለስ እከፍልሃለሁ» አለ። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው። እኛ ዲናሩ ላይ ጎበዞች ነን።

መንገድ ላይ የሚለምነውስ?

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ወስኑ። ስንት ብር ለመንገድ? ኪሳችሁ ውስጥ ለብቻ አድርጉት፣ ሲያልቅ አለቀ። ያን ጊዜ በየመብራቱ ከራሳችሁ ጋር አትጨቃጨቁም። ለትንሽ ልጅ ከብር ይልቅ ዳቦና ሙዝ እመርጣለሁ፣ ብሩ ለማን እንደሚገባ ስለማይታወቅ። የሚለምነውን ሰው ዓይኑን እያያችሁ ሰላም በሉት። ባይኖራችሁም።

«እግዜር ይስጥህ» ብሎ ማለፍ ባህላችን ነው፣ ጨዋነትም ነው፣ ኪሳችን ባዶ ሲሆን። ኪስ ሞልቶ ሲባል ግን ያዕቆብ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የተሳለቀበት ነገር ያው እሱ ነው።

«ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚሉ ደግሞ አሉ። ጳውሎስ ነው ያለው፣ ልክ ነው። የማይወድ ነው ያለው። ሥራ ያጣውን፣ የታመመውን፣ ሕፃን ታቅፋ የምትሠራበት ቦታ ያጣችውን አላለም። ደግሞም ይሄው ጳውሎስ ነው ለድሆች ብር እያሰባሰበ በየከተማው የዞረው። ጥቅሱን ለማንሳት የሚፈጥኑ ሰዎች ሥራ እንዲያስቀጥሩ ስትጠይቋቸው ምን እንደሚሉ ስሙ። ጉሊት ልትጀምር ለምትፈልግ ሴት መነሻ ብር ስጡ፣ ብድር ካላችሁት ግን እንደማይመለስ ቁጠሩት፤ ዕዳ ያለበት ሰው መንገድ ሲያያችሁ ይሸሻል፣ እናንተም ብሩንም ሰውየውንም ታጣላችሁ።

ስልክ ላይ የሚመጣው

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞር የሕክምና ወረቀትና የባንክ ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም፣ ሁሉም ውሸት ደግሞ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ቀኑን እዩ። ታካሚው የተኛበትን ቦታ ጠይቁና አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሄዶ ይይ። ከተቻለ ክፍያው ለሆስፒታሉ ይሁን። ዲሲም ሆናችሁ ቤይሩት ወይም ጅዳ ይሄ ይሠራል። በጩኸት ሳይጣራ ከመላክ ለአንድ የምታውቁት ቤት በየወሩ መላክ ይሻላል። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች ግን፣ እናንተ ቀድሞውኑ ቤተሰብ እያኖራችሁ ነው፣ ሌላ ሸክም አልጨምርባችሁም።

ስትረዱ አትቅረጹ። ያቺ እናት ፊቷ በስልካችሁ ከወጣ ክፍል ውስጥ ሲሰደብ የሚውለው ልጇ ነው። ማቴዎስ 6 ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ እያለ ለሺህ ተከታይ ማሳወቅ ምን ይሉታል?

ሲሰለቻችሁ

ይሰለቻችኋል። አንድ ቀን ይዋሿችኋል። የገዛችሁትን ዱቄት ሸጠው ልጁ ስልክ ገዝቶበት ይገኛል። አመድ አፋሽ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ከአሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ነበር፣ ዘጠኙ ግን እንደዳኑ ናቸው። በግልጽ ተነጋገሩ፣ ቅር ያላችሁን ንገሩ፣ ዱቄት መስጠት ካልሠራ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ሰው ውሸታም ስለሆነ ልጁ መራብ የለበትም።

ብቻችሁን አትሸከሙትም። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ። ሦስት አራት ሆናችሁ አንዱ መድኃኒቱን፣ አንዷ እድሩን፣ ሌላው የልጆቹን ነገር ይያዝ። የጽዋ ማኅበር ወይም የቤት ኅብረት ካላችሁ የአንድ ወር ድግስ አቅልላችሁ በዚያው ሒሳብ መጀመር ይቻላል። ሐዋርያትም ለመበለቶች የሚደርሰው ዕለታዊ ምግብ ሲዛባ ሰባት ሰው ነው የመረጡት፣ አንድ ጀግና አልፈለጉም። ብቻዋን የጀመረችም እርግጥ አለች። የሕፃናት ማሳደጊያ መሥራቿ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ልትሳለም ሄዳ፣ በረሀቡ ከሞተች እናት አጠገብ ሕፃን አግኝታ፣ ሁለት ልጆች ይዛ ነው የተመለሰችው። ባሏ አልተስማማም፣ ከቤት ወጣች፣ ቀጠለች። እንደዚያ ሁኑ አልላችሁም። እናንተ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተስማምታችሁ ጀምሩ።

መቄዶንያን የመሳሰሉ ማዕከላትን መደገፍም ጥሩ ነው፣ በተለይ ቤት ውስጥ ልትይዟቸው የማትችሏቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ስለሚይዙ። የጎረቤታችሁን ግፊት ግን እነሱ አይለኩላችሁም።

ሰፈር የምትለቁ ከሆነ ቀድማችሁ፣ ሁለት ሦስት ወር ሲቀር፣ ለቤተሰቡ ንገሩ። ድንገት አትጥፉ። የሚተካችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱና ቡና ላይ አስተዋውቁ። በአንድ ወረቀት ላይም ጻፉለት፦ እድሩ በየስንቱ ይከፈላል፣ መድኑ መቼ ይታደሳል፣ መድኃኒቱ ስሙ ማን ነው፣ ባለሱቁ ማን ይባላል፣ ትንሹ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው።